በነጭ ሽንኩርት ያልጸዳው ዘር

ውድ ጋሼ፣

ለሹመትዎ እንኳን ደስ አለዎት ለማለት አንደበቴ እምቢ አለኝ። ስድስት ዓመት አለቃዬም አስተማሪዬም ነበሩና የምጽፈውን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ይስሙት።

የቲማቲም ዘሩን መቼም አይረሱትም። በብልቃጥ ችግኝ ለማብቀል ዘሩ አስቀድሞ ከሻጋታ መጽዳት አለበት፤ ሰው ሁሉ በበረኪና ነው የሚያጥበው። እኛ በነጭ ሽንኩርትና በኒም ቅጠል ጭማቂ እናጸዳዋለን ብለን ተነሳን። ርካሽ ነው፣ ቆዳ አይልጥም፣ ማንም ከጓሮው ያገኘዋል። ሐሳቡ እንዴት ያምር ነበር! ግን በአምስተኛው ቀን ከአርባው ብልቃጥ ሠላሳ አንዱ አመድማ ጸጉር አበቀለ። አንዱን ስከፍት ሽታው የበላሁትን አስመለሰኝ።

ሁለተኛውን ዙር "አንቺ ትንሽ ረፍት ውጪ" ብለውኝ ብቻዎን ዘሩት። አርባውም ጥርት አለ። "አየሽ አይደል!" ብለው ሲያቅፉኝ ጋዎንዎ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሸተተኝ፣ ጋሼ። ገባኝም። ግን ስሜ በጥናቱ ላይ ከስምዎ ሥር ሊታተም ነውና ውሃ በአፉ እንደያዘ ሰው ዝም አልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ዘዴያችንን የወሰደው የአትክልት አብቃይ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ መጣች። ከካርቶን ብልቃጦች እያወጣች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች። ውስጣቸው ንፍጥ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ብቻ።

"ሦስቴ ሞከርን፣ ሦስቴም በሰበሰ" አለችኝ። "እጇን ሳትታጠብ እየነካችው ነው ብለን የወንድሜን ሚስት አባረርናት። በሰው ፊት 'ቆሻሻ' አልኳት። ይኸው እሷም የለችም፣ አሁንም ይበሰብሳል። ምኑ ላይ ነው ያጠፋነው?"

ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩልዎ። "በረኪና ጨምረው ነበር?" ስልዎት ሳቁ።

"ትንሽ ጠብ አደረግኩበት። ምን ታካብጃለሽ? ሴቶቹ በደንብ አልታጠቡም ማለት ነው፣ አለቀ።"

ሻጋታ እንኳ የሚበላው የበሰበሰውን ነው። እርስዎ የንጹሕ ሰው ስም ይበላሉ። ስልኩን ዘግቼ ጆሮዬን በሳሙና አጠብኩት፤ ቢያስቅም እውነቴን ነው።

ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽታውን አውቄ መደበቄንም። ጫማዋ የረገጠውን ነገር እንደምታይ አድርጋ አየችኝ።

"አንቺም ታውቂ ነበር" አለችና ብልቃጦቹን ትታ ወጣች።

እኔም ራሴን ተጸይፌዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጥናቱ እንዲሰረዝ ለተቋሙ አመለከትኩ። በረኪናውን የጨመሩት እርስዎ መሆንዎን፣ የደበቅኩት ደግሞ እኔ መሆኔን በፊርማዬ አስፍሬያለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም አልከራከርም። ሰብሳቢዋ እንደፈቀደችልኝ፣ ቅዳሜ ማኅበሩ ሲሰበሰብ የተባረረችው ሴት ትጠራለች፤ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን በሁሉም ፊት እናገራለሁ። እርስዎም መጥተው በአፍዎ ቢነግሯት ደግ ነው። ካልመጡ ስምዎን እኔ እጠራዋለሁ።

ስብሰባው በሦስት ሰዓት ይጀመራል።

ረዳትዎ የነበርኩት