በጉድጓድ ልክ ከፍ ያለች ፒካፕ

ለተከበሩ የመንገድና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በያሉበት

ጉዳዩ፦ የደፈንኩትን ጉድጓድ ወደ ነበረበት እንድመልስ ስለ መታዘዜ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎ ደህና ነው? አንገትዎስ? ይህን መጠየቄ ለወግ ያህል አይደለም፤ በእኛ ሰፈር መንገድ የሚመላለስ ሰው መጀመሪያ የሚጎዳው ወገቡና አንገቱ ስለሆነ፣ የእርስዎ ሁለቱም ደህና መሆናቸውን ከሰው ስሰማ፣ በዚህ በኩል አልፈው እንደማያውቁ ተረድቼ ደስ ብሎኛል።

እኔ አናጺ ነኝ። ቁም ሣጥንና አልጋ እየሠራሁ በአሮጌ ፒካፕ ለደንበኛ አደርሳለሁ። በዚያችው ፒካፕ እናቴን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ለኩላሊት እጥበት ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። ኩላሊት ቀጠሮ አያራዝምም፤ በዚህ ከጽሕፈት ቤትዎ ይለያል። አንድ ቀን ካለፋት እግሯ ያብጣል፣ ሁለት ቀን ካለፋት ትንፋሽ ያጥራታል። ከዚህ በታች የማቀርበውን ምስጋና ሲያነቡ ይህችን ሴት እንዳይረሱብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጉድጓዱ አመሰግናለሁ። ከግቢያችን በር አርባ እርምጃ ርቆ፣ መንገዱ በሚጠብበት ላይ ከግንብ እስከ ግንብ የተዘረጋው ይህ ጉድጓድ እስክደፍነው ድረስ አራት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ የአራት ዓመት ማመልከቻዎቼም በክፍል ቁጥር አራት ተከማችተዋል። እዚያ ያሉት ሠራተኛ በሄድኩ ቁጥር በአክብሮት ተቀብለው፣ በእቅድ መያዙን ነግረው ሸኝተውኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ፒካፗ ግን እቅድ ስለማታነብ በሆዷ ድንጋይ እየመታች የሞተሩን ዘይት መያዣ ሁለት ጊዜ ቀደደች። በሁለተኛው ጊዜ እናቴ ውስጧ ነበረች።

ሁለተኛ፣ በስተርጅና መካኒክነት ስላስተማሩኝ። የጋራዡ ሰው መኪናዋን ከፍ ለማድረግ ሦስት ምርጫ ዘረዘረልኝ። የኋላውን ጭነት ከሚሸከመው ንብርብር ብረት፣ ከባሌስትራው ሥር የብረት ጉርድ ማስገባት አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግን የኋላውን ብቻ ያነሳል። ባሌስትራው ላይ ንጣፍ መጨመር አለ፤ ጭነት ከሌላት ግን የተሳፋሪውን አንጀት ያናውጣል። ወይም ፊትና ኋላ፣ ሞላውንም ባሌስትራውንም፣ ንዝረት ከሚያበርደው አሞርዛተር ጋር፣ በረጃጅም መለወጥ። ምን ያህል ከፍ ላድርጋት ብሎ ቢጠይቀኝ መልሱ እኔም ዘንድ አልነበረምና፣ ቤት ተመልሼ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ጉድጓድዎ ውስጥ ወረድኩ። ልብስ ሰፊ ደንበኛውን እንደሚለካ አድርጌ ለካሁት። አምስት ጣት ጎደለን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሦስተኛውን መርጬ ፒካፗን አምስት ጣት ከፍ አስደረግኳት።

ጉድጓዱን ተሻገርን፤ ትርፉ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መሪው ይዋልላል። መታጠፊያ ላይ ታዘነብላለች። መብራቷ የፊት ለፊቱን ሾፌር ዓይን ስለሚወጋ ስድብ የዕለት ቀለቤ ሆነ። ቁም ሣጥን ለመጫን ሁለት ሰው ይበቃ የነበረው ሦስት ፈለገ። እናቴማ ጭራሽ መውጣት አቃታት። ባለ ሦስት እርከን መርገጫ ሠራሁላት፤ እሱን ረግጣ፣ በትከሻዬ ተደግፋ፣ መርፌ የሚገባበትን ክንዷን በሌላው እጇ አቅፋ ስትወጣ፣ ሰው እንዳያያት ዙሪያዋን ትቃኝ ነበር። አንድ ቀን እርከኑ ላይ ቆማ፣ «ልጄ፣ ሐኪም ቤት ነው የምትወስደኝ ወይስ ጣራ ላይ ልታወጣኝ ነው?» አለችኝ። ሳቅን። በሩን ከዘጋሁላት በኋላ ግን ከመኪናው ጀርባ ዞሬ አለቀስኩ። ይህንንም ከምስጋናው ጋር ይደምሩልኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ክፍል ቁጥር አምስት። የፒካፗ ዓመታዊ ምርመራ ደርሶ ብሄድ፣ የክፍሉ መርማሪ ሜትራቸውን ዘርግተው፣ ከፍታዋ ከተፈቀደው ማለፉን አረጋግጠው፣ ሰሌዳዋን ፈተው ወሰዱ። ለምን ከፍ እንዳደረግኳት ባስረዳቸው ጉድጓድ ክፍል አራትን እንጂ እሳቸውን እንደማይመለከት ነገሩኝ። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ኮሪደር ስፋቱ ሁለት እርምጃ ነው፤ በአናጺ ዓይን ለክቼዋለሁ። ታክሲዎቹም ጉድጓዱን ሲያዩ ከአፉ ይመለሳሉ። በዚያ ሳምንት እናቴ ረቡዕም ዓርብም ቀረባት። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋ እግሯን አላስገባ አለ፤ ትንፋሿን እየቆጠረች ነበር። ግንበኛው ጎረቤቴና እኔ በወንበር ተሸክመን እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያም በታክሲ ሐኪም ቤት አደረስናት።

ሰኞ ተመልሼ ስለምናቸው መርማሪው አዘኑልኝ መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አሸዋ ጭኜ እንድመጣ መከሩኝ። መኪና ሲጫን ዝቅ ይላል፤ ሜትሩም ደንቡም ይስማማሉ። ሃያ ጆንያ ጫንኩ። እኒያው መርማሪ፣ በዚያው ሜትር፣ ጆንያዎቹን እያዩ ለክተው ሰሌዳዬን መልሰው ማኅተም መቱልኝ። ለዚህች ጨዋታ ነው እናቴ ትንፋሿን የቆጠረችው። ክቡርነትዎ፣ ያን ጊዜ አንገሸገሸኝ።

ከዚህ በኋላ የፈጸምኩትን ጥፋት አልክድም። አሸዋው ተጭኗል፣ ጉድጓዱ ከፊቴ አፉን ከፍቷል። ግንበኛው ሲሚንቶና ጠጠር ጨመረበት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደፈንነው። ሲደርቅ ጋራዥ ሄጄ የድሮውን ሞላና ባሌስትራ አስመለስኩ፤ ፒካፗ ወደ ቁመቷ ወረደች። በማግስቱ እናቴ በሩን ራሷ ከፍታ፣ ማንም ሳይደግፋት ገብታ ተቀምጣ፣ ምን ትጠብቃለህ ብላ ተቆጣችኝ። ሦስት ወር በሰላም ተመላለስን።

አራተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ በዚህ ሳምንት ስለ ደረሰኝ ደብዳቤዎ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደብዳቤዎ እንደሚለው ጉድጓዱ በመጪው ዓመት እንዲጠገን በእቅድ ተይዟል፤ የሌለ ጉድጓድ ደግሞ ሊጠገን አይችልም፤ ስለዚህ በሰባት ቀን ውስጥ ቆፍሬ ወደ ነበረበት ሁኔታ እንድመልሰው፣ እምቢ ካልኩ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ እንደሚቆፍረው ተገልጾልኛል። ስህተት መስሎኝ ክፍል አራት ሄድኩ። ሠራተኛው ጥልቀቱን እንዳልሳሳት ልኬቱን ከመዝገብ ገልብጠው ሰጡኝ። ለመድፈን አራት ዓመት አካፋ ያጣ ቤት ለመቆፈር በሰባት ቀን አካፋ አገኘ። ንዴት ቢሆን ይበርድልኝ ነበር፤ ይህ ግን ያስታውከኛል።

አልቆፍርም። ወደ ነበረበት መመለስ ግን መልካም ሐሳብ ነውና እናንተ ጀምሩት። የእናቴን ያችን ረቡዕና ያችን ዓርብ መልሱልኝ። ሐኪሟ ከዚያ ሳምንት ወዲህ ልቧ እንደ ቀድሞው አይደለም ብሎናል፤ እሱንም ወደ ነበረበት መልሱ፤ እኔም በዚያኑ ዕለት ዶማዬን ይዤ እወጣለሁ። እስከዚያው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት በአንድ ሰዓት በዚያ እናልፋለን። ቆፋሪዎችዎ ሲመጡ እናቴን ሰላም ብለው ይጀምሩ።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ የሚሄዱበት መንገድ ሁሉ ለጥ ያለ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የክፍል አራትና የክፍል አምስት የጋራ ባለጉዳይ፣
ያለ ፈቃድ መንገድ ያስተካከልኩት አናጺ

ግልባጭ፦
ለክፍል ቁጥር አራት
ለክፍል ቁጥር አምስት
በመካከላቸው ላለው ኮሪደር

ማስታወሻ፦ ትናንት ጋራዥ ብሄድ የጽሕፈት ቤትዎ አዲስ ፒካፕ ተሰቅላ አየሁ። መካኒኩ ለእርስዎ የመስክ ጉብኝት አምስት ጣት ከፍ እንዲያደርጋት ታዟል፤ ልኩንም ከክፍል አራት መዝገብ አምጥተውለታል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። እናቴ ስለማትፈልገው መርገጫውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርሱ የሚደግፍዎ ሰው አይጥፋ፤ እናቴ የምትፈራው እዚያ ጋ ነበር።