ለአንድ ጆሮ የላክኩት ድምፅ

ይድረስ ለእህቴ ለአፊፋ፣
ጅዳ

ባለፈው አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በቾ ቦሬ እማዬ ቤት በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ከሳሎን የራሴን ድምፅ ሰማሁ። «እስከ አስር ዓመቴ ፍራሽ የማረጥበው ለምን እንደነበር አሁን ገባኝ» ይላል። አንዱ ጫማ በእጄ፣ ሌላው በእግሬ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። የአክስታችን የረይሃና ስልክ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳምቡሳው ሳህን አጠገብ ተቀምጦ ይለፈልፋል። አጎታችን አብዱልሃዲ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መስጊድ ኹጥባ እንደሚያዳምጥ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እማዬ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። ሁለት የጎረቤት ሴቶችም ነበሩ፤ አንዷ እያኘከች ነበር። ላንቺ ብቻ ብዬ የላክኩት የዘጠኝ ደቂቃ ድምፅ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል።

ሰላምታዬን ወደ ኋላ ያደረግኩት ንቄሽ አይደለም። ይህን ሳልነግርሽ «እንደምን ሰነበትሽ» ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። አሁን ትንሽ ወጥቶልኛልና አሰላሙ አለይኩም አፊፋ። ወገብሽ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ስትቆሚ የሚያብጠው እግርሽስ? ያ ሙቀት በረድ አለላችሁ? ትንሿ ልጅሽ ጥርስ ስታበቅል አስቸገረች ወይስ እንደ አባቷ ትዕግሥተኛ ናት? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ተናድጃለሁ እንጂ አልታመምኩም። ይህን ልዩነት ያዥልኝ፤ እዚህ የሚለየው ሰው ጠፍቷል።

አክስቴ ሲያዩኝ ስልኩን እንኳ አላጠፉም። «ነይ ግቢ የኔ ልጅ፣ አፊፋ ናት የላከችልኝ፣ ዱዓ አድርጉላት ብላ» አሉኝ። የምታኝከዋ ሴት «ማሎ፣ መማር እንዲህ ያደርጋል እንዴ?» አለች። አጎቴ ዓይናቸውን ገለጡና «ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ የሞተ ሰው አይወቀስም። አባትሽ ወገቡ እስኪጎብጥ ልብስ ሰፍቶ ያስተማረሽ እሱን እንድትከሺው ነው?» አሉ። ከዚያ ፍርዱ ወጣ። የእማዬንና የእሳቸውን ጉልበት ስሜ «ስለ አባቴ የተናገርኩት ውሸት ነው» እላለሁ፤ ቀጥሎ ሥራዬን ትቼ ገጠር አንድ ሼህ ዘንድ ሰባት ቀን ቁርኣን ይቀራልኛል። የእናቴን ጉልበት ሁሌም እስማለሁ፣ ውሸት ነው ግን አልልም አልኳቸው። አክስቴ ደረታቸውን መቱና «ይኸው! ራሱ ጂኑ ነው የሚመልሰው!» አሉ። ወላሂ፣ እልህ ባይዘኝ ኖሮ በሳቅ እፈርስ ነበር።

ማታውኑ ደወልሽ። ይቅርታ ልትይኝ መስሎኝ ነበር። «ለክፋት አይደለም ፈድሊያ፤ ዋሽቻለሁ በያቸውና ነገሩ ይለቅ፣ ምን ይጎድልብሻል?» አልሽኝ። የሚጎድልብኝን መዘርዘር ስጀምር «እንግዲህ ጀመረሽ» ብለሽ ዘጋሽው። ስድስት ቀኔ፣ ድምፅሽን አልሰማሁም።

የሚጎድልብኝን አሁን ልንገርሽ። ሳይኮሎጂ ተምሬ ሥራ ሳጣ አጋሮ አንድ የቡና ማበጠሪያ ቤት ቀማሽ ሆኜ መግባቴን ታውቂያለሽ። ከተደረደረው ብርጭቆ በማንኪያ እየሳብን እንቀምሳለን፣ እንተፋለን፣ ነጥብ እንጽፋለን። ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገርም። አምና የአንድ ገበሬ ቡና ቀምሼ «መጥፎ ሽታ አለው» ብዬ ጣልኩት። አለቃዬ ጋሽ ጀቤሳ ቀመሱት፣ ደገሙት፣ ከዚያ ቡናውን ትተው እኔን ማየት ጀመሩ። «ጠዋት ምን ቀምሰሽ መጣሽ?» አሉኝ። አብሽ ጠጥቼ ነበር። «እንግዲያስ የሰውየውን ቡና አትስደቢ። አፍሽን ታጠቢና ነገ ነይ» አሉኝ። በማግስቱ ያው ቡና ማር ማር ይል ነበር። ሰውየው የዓመት ልፋቱ በእኔ አፍ ሊበላሽ እንደነበር ሳያውቅ ሄደ።

አራት ዓመት ከመጽሐፍ ያጠናሁት ነገር ያን ቀን ነው አጥንቴ ውስጥ የገባው። ወደ ጅማ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ስላንቺ አሰብኩ። መልእክቴን አይተሽ ሁለት ቀን ሳትመልሺ ስትቀሪ ለምንድነው እንደ እብድ የምሳደበው? እኔስ ጠዋት ምን ቀምሼ ነው? መልሱ ድሮ ጊንጆ ሳለን ያደግንበት ቤት ውስጥ ነበር። አባባ አልመታንም፣ አልሰደበንም፤ ሲቆጣ ዝም ይል ነበር። አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት። የስፌት መኪናው ብቻ ይጮሃል። እኔ እግሩ ሥር ሆኜ ድምፄን ከፍ፣ ከፍ አደርጋለሁ፣ አንድ ጊዜ ዞር እንዲልልኝ። ሌሊቱን ደግሞ ፍራሹ ይርሳል። ዛሬም ሰው ዝም ሲለኝ የምጮኸው ያቺ ልጅ ሆኜ ነው። ይህን ነው ላንቺ በድምፄ የነገርኩሽ፤ አባባን ለመክሰስ አልነበረም። ስሰድብሽ የኖርኩት ያንቺ ጥፋት ሆኖ እንዳልሆነ እንድታውቂልኝና እንደ አዲስ እንድንጀምር ነበር። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው፤ ዋሽቻለሁ በይ የምትዪኝም እሱን ነው።

የራሴንም አልደብቅም። ከዘጠኙ ደቂቃ ሁለቱ ንጹሕ አልነበረም። «አንቺ ግን ጥለሽኝ ሄድሽ» ያልኩት እንዲያምሽ ብዬ ነው። የሄድሽው እኔ እንድማር መሆኑን እያወቅኩ ነው ያልኩት። ለእሱ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ለቀረው ሰባት ደቂቃ ግን አልጠይቅም።

ሰሞኑን ደግሞ ቡና እየቀመስኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። አባባ ዝም ባለበት ሳምንት በእሱና በእማዬ መካከል ትመላለሺ የነበርሽው አንቺ ነሽ። «እናትሽን ወጡ ጨው የለውም በያት።» «አባትሽን እጁ አለ፣ ይጨምርበት በይው።» የስምንት ዓመት ልጅ፣ የአንዱን ቃል ለሌላው ተሸክመሽ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን። የአንዱን ለሌላው ካላደረስሽ ቤቱ የሚፈርስ ይመስልሽ ነበር። የእኔንም ድምፅ እንደዚያ አድርገሽ ይሆን ለአክስቴ ያደረስሽው? አላውቅም። ምላሱ ያንቺ ነው፣ ነጥቡን እኔ አልጽፍልሽም። ብቻ ራስሽን ጠይቂ። ምክንያትሽ ቢገባኝ እንኳ ቁስሉ አልዳነልኝም።

ሰኞ እማዬ በባጃጅ ጊንጆ ድረስ፣ የተከራየሁባት ክፍል መጣች። ብቻዋን። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብዙ ዝም አለች፣ እኔም እንደ ልማዴ ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ ጠበቅኳት። ከዚያ ስለ አባባ አንድ ነገር ነገረችኝ፣ ሃያ አምስት ዓመት በሆዷ የያዘችውን። ምን እንዳለችኝ አልነግርሽም አፊፋ። ለእኔ ነው የነገረችኝ። ማወቅ ከፈለግሽ ደውለሽ ራሷን ጠይቂያት፤ ምናልባት እየጠበቀችሽ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሙርሺድ ነው፣ ለዑምራ ወደ መካ ሲመጣ። ፖስታውን አሽጌዋለሁ። በድምፅ ያልላክኩት ለምን እንደሆነ አታጪውም።

ባለቤትሽን አሊን አክብሬ ሰላም እለዋለሁ፤ ይህን ካላነበብሽለት አልቀየምም፣ ካነበብሽለት ግን እቀየማለሁ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ስታለቅስም ዝም አትበያት። እማዬ ደህና ናት፣ ዱዓዋ ካንቺ ጋር ነው። ከአክስቴና ከአጎቴ ጋር እንደተኳረፍን ነን፤ ጉልበታቸውን ለዒድ እስማለሁ እንጂ ለውሸት አልስምም። ሥራዬንም አልተውኩም፣ ሼህ ዘንድም አልሄድኩም።

አንቺን ግን እፈልግሻለሁ፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የማልቀበለውን ልጻፍልሽ። ላንቺ ያልኩት ከአንቺ አልፎ ሌላ ጆሮ እንዲገባ አልቀበልም። ራሴን በማወቄ ታመመች መባልን አልቀበልም። ለሰላም ሲባል እውነቴን ውሸት ማለትን አልቀበልም። ዝምታሽንም አልቀበልም፤ ከተቆጣሽ «ተቆጥቻለሁ» ብለሽ ጻፊልኝ፣ እችለዋለሁ። በአባባ ቤት ያደግኩበት ዝምታ ይበቃኛል፤ ካንቺ አንድ ቀን አልጨምርበትም።

እህትሽ ፈድሊያ
ጅማ፣ ጊንጆ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.