የኋላው በር

ውድ እህቴ ቨርና፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ ቶሊዶን ግን በረዶው ገና አልለቀቃትም።

የእኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች አድማ እንደቀጠለ ነው። አዲሱ ሆስፒታል በሚሠራበት ግቢ፣ የፊቱ በር ላይ ሰሌዳ ይዘን እንቆማለን። የኋላው በር በጠቡ ውስጥ ለሌሉ ተቋራጮች ብቻ የተለየ ስለሆነ እዚያ እንዳንቆም ሕጉ ይከለክለናል። ልጄ ክሌይም ከቀለም ቀቢዎቹ ጋር በዚያ ይገባል። ሳንተያይ መዋላችን ደግ ነበር። ሚስቱ በዚህ ወር ትወልዳለች፤ ይህን ሥራም በስንት ደጅ ጥናት ነው ያገኘው።

ትናንት የእኛ አሠሪ መኪና ሽቦ ጭኖ በኋላው በር ገባ። የማኅበራችን መሪ ሩዲ በደስታ ጮኸ፦ "ሞኞች! በሩን ለራሳቸው ዕቃ ተጠቅመው ክልከላውን ራሳቸው አፈረሱት! ከነገ ጀምሮ እዚያም መቆም እንችላለን። ኤመት፣ አንጋፋችን አንተ ነህ፤ መጀመሪያ አንተ ትቆማለህ!" ሁሉም አጨበጨበልኝ። እኔም እሺ አልኩ።

አመሻሹ ላይ ክሌይ ደወለ። ስለ ሕፃኑ አልጋ አወራን።

"አባዬ፣ ነገ የምትቆመው አንተ ነህ አሉ።"

"እኔ ነኝ።"

"የአድማ ሰልፍ ጥሶ የሚገባን ሰው ሰላም እንዳትለው ብለህ ነው ያሳደግከኝ" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

"ብርዱ ከባድ ነው፤ ወፍራሙን ካፖርትህን ልበስ" አልኩት።

"አንተም" አለኝ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ክሌይ ቢደውልልሽ ስለ ሕፃኑ ብቻ አውሪው።

ወንድምሽ ኤመት