የሰላሚስ ሽማግሌዎች

ኅዳር 9
ብርድ። ጉልበቴን አመመኝ። የልጅ ልጄ ሚካል ትምህርት ቤት ዕጣ አውጥታ መጣች፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጥንታዊ ከተማ። የእሷ ሰላሚስ... ቆጵሮስ ደሴት ላይ የነበረች፣ የራሷ ንጉሥ ያላት የግሪኮች ከተማ። ጥሩ ያቀረበ ለክፍለ ከተማው ውድድር ይሄዳል። ከደስታዋ ብዛት ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ወጣች።

ኅዳር 11
አብረን አነበብን። ተውክሮስ የሚባል ልዑል ከወንድሙ ጋር ትሮይ ዘመተ። ወንድሙ እዚያው ሞተ። ብቻውን ሲመለስ አባቱ ከደጅ መለሰው። ባሕር ተሻግሮ አዲስ ከተማ ቆረቆረ፤ በአገሩ ስም ሰላሚስ አላት።
«አባባ፣ ሽማግሌ አልላኩም?» አለች።
መጽሐፉ ላይ የለም። ግን አባት ልጁን አባርሮ ሽማግሌ ሳይገባ ይቀራል እንዴ? ደግሞ ምላሴ በላኝ...
«ልከዋል እንጂ። ለሜሲዮስና ጉተሞስ የሚባሉ የተከበሩ ሰዎች። አስታረቋቸው፣ በግ ታረደ።»
«እንደ ጎረቤቶቻችን? እንደ አባባ ለሜሳና አባባ ጉተማ?»
«የግሪክ ስም እንዲያ ነው።»
ጻፈችው። ኋላ እነግራታለሁ ብዬ ረሳሁት። ረሳሁት ወይስ...?

ኅዳር 16
ወላጆች ተጋብዘን ነበር። ለሜሳም የልጁን ልጅ ሊያይ መጥቶ ጎኔ ተቀምጧል። ሚካል ኮራ ብላ «ለሜሲዮስ» ስትል ሰውዬው ሳቁን መያዝ አቃተው። ክፍሉ በሙሉ ተከተለው። እኔም ሳቅሁ። ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅሁ።
መምህር ሃሩን «ይሄን ከየት አመጣሽው?» አላት።
አየችኝ። «ራሴ ፈጥሬ ነው» አለች።
ለምን አልተነሳሁም? ዛሬስ ጉልበቴን አላመመኝም።

ኅዳር 17
ራት ላይ እናቷ «ውድድሩስ?» አለቻት። «ሌላ ልጅ ተመረጠ» ብላ ጎረሰች። ስለ እኔ አንድ ቃል የለም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 18
ለሜሳን በር ላይ አገኘሁት። «አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምታድገው?» ብሎ ገና እየሳቀ ነው። ልጅቷ ጥፋቴን እንደተሸከመችልኝ፣ ልጆቹም ዋሾ እያሏት እንደሆነ ነገርኩት። ሳቁ ቆመ።
«ሂድና ተናገር» አለኝ። በአማርኛም በኦሮምኛም ደጋገመልኝ።

ኅዳር 19
ሄድኩ። ልጆቹ ፊት ቆምኩ። «ሽማግሌዎቹን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እሷ አምናኝ ነው።»
አንዱ ከኋላ «በጉስ፣ አባባ?» አለ።
«በጉም የእኔ ነው።»
ሳቁ። ሚካል አልሳቀችም። መምህሩ ቀስ ብሎ «የተመረጠው ልጅ ስም ተልኳል፣ አይመለስም» አለኝ።
ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ቦርሳሽን ልያዝልሽ ብላት አልሰጠችኝም።

ኅዳር 25
ከሰዓት መጽሐፍ ይዛ ተቀመጠች። ከፋርስ ጋር ዓመታት ስለተዋጋው የሰላሚስ ንጉሥ፣ ስለ ኤቫጎራስ። ማንም አላዘዛትም።
«ሚስቱ ማን ነበር ስሟ?» አለች፣ ቀና ሳትል።
ስድስት ቀን ሙሉ ምንም አልጠየቀችኝም ነበር። ስም ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ... የሚያስቅ ስም።
«አላውቅም» አልኩ።
ፊቴን አየችው፤ ሳቅ እየፈለገች መሰለኝ።
«እኔም አላውቅም» አለችና መጽሐፉን በመካከላችን አደረገችው።