ስለተሰበረው የጃንጥላ እጀታ

ለክቡር የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ሰላምዎ ይብዛ፤ የአዳራሽዎ ቀዝቃዛ አየር ጉንፋን እንዳያሲዝዎም ከዱብሉቅ ሆኜ እጸልያለሁ።

የማስቸግርዎ በትንሽ ነገር ነው። አምና መልእክተኞችዎ በስድስት መኪና መጥተው ስለ ድርቅ ሲያስተምሩን፣ «ምድራችንን እንታደግ» የሚል ጃንጥላ አድለውን ነበር። የእኔው እጀታ ተሰብሯልና ይቀየርልኝ። ዝናብ ነክቶት እንደማያውቅ እምልልዎታለሁ።

እግረ መንገዴን፦

አንደኛ፦ አምስት የዝናብ ወቅት መጥቶ ባዶውን አለፈ። በየዓመቱ ስለምትሰበሰቡልን እናመሰግናለን፤ ቃለ ጉባኤው ለደመናው አልደረሰውም መሰለኝ።

ሁለተኛ፦ ከብት አየር እንደሚበክል መልእክተኞችዎ አስረድተውናል። ጎረቤቴ ዶዮ ይህን ሰምቶ በጣም አፈረ። አርባ ሦስት ከብት ነበረው። ደስ ይበልዎ፣ አርባ ሁለቱ አየር መበከል አቁመዋል። የቀረችው ቡሬ ብቻ ናት፤ ከእሷ የምትገኘው አንዲት ስኒ ወተትም እናቷ ለሞተችባት የልጅ ልጁ ቁርስም ራትም ናት።

ሦስተኛ፦ ቡሬ በራሷ መቆም አቅቷታል። በእኛ አገር በድርቅ ጊዜ ላም የወደቀችበት ሰው ጠዋት በየደጁ እየዞረ ይጣራል፤ የተጠራም ሥራ አለብኝ አይልም። ሁለታችን ቀንዷን፣ ሁለታችን ጅራቷን ይዘን፣ ሁለታችን ከሆዷ ሥር እንጨት አስገብተን እናቆማታለን። ቆማ ከዋለች ተስፋ አለ፤ ተኝታ ከዋለች የለም። ዛፍ ስለሌለ ጃንጥላዎን ከጎኗ ተክለንላት ነበር፤ እጀታው የተሰበረው ስትወድቅ ተደግፋበት ነው። በገመድ ጠግነን መልሰን ተከልንላት።

አራተኛ፦ እኛ ስድስት ሰዎች አንዲት ላም በየጠዋቱ ካነሣን፣ እናንተ ሁለት መቶ የምትሆኑ አገሮች…

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በር ተንኳኳ።

ዶዮ ነው። ቡሬን ጠዋት አቁመናት ስለነበር በቀትር ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ጃንጥላውን አጥፎ ይዞታል። «ናጋ፣ ኦቦ ባስልዮስ» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ፤ «ጥላው ከእንግዲህ አያስፈልግም።» ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። አራተኛው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ይቁምልኝ፤ ከእሱ ጋር ልቀመጥ።

በየጠዋቱ ወድቆ በየጠዋቱ ከሚነሣው አክብሮቴ ጋር፣
ባስልዮስ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ
ከዱብሉቅ

ማስታወሻ፦ የእጀታውን ነገር ይተዉት። እናንተ ዘንድ ይዘንባል ሲሉ ስለሰማሁ ጃንጥላውን መልሼልዎታለሁ። በሁለተኛው ተራ ላይ አርባ ሁለት ያልኩትን ግን አርባ ሦስት ብለው ያርሙልኝ።