ለማን የተሰቀለ መስታወት ነው?

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ በረገጥክበት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህም ጉልበቱን ተሽሎታል። እኔ ደግሞ ያቺን የክብሪት ቀፎ የምታህል መታጠቢያ ቤታችንን በገዛ እጄ ጥቁር አረንጓዴ ቀባኋት! ጎረቤታችን ቀለም ቀቢው «እትዬ፣ ለጠባብ ክፍል ነጭ ነው የሚያዋጣው» ቢለኝ፣ «ነጭ ለፈሪ ነው» ብዬ ሮለሩን ተቀበልኩት። አባትህ መጀመሪያ «ጫካ ውስጥ ልታጠብ ነው?» ሲል ከረመ፤ አሁን ግን ገብቶ እያፏጨ አልወጣ ብሎናል። አንተም ታጥበህ ፀጉርህ ሳይደርቅ ብርድ ላይ እንዳትወጣ።

መስታወቱንም ግድግዳውን ራሴው በስቼ ሰቀልኩት። እኔ ስቆም የሚታየኝ ግንባሬ ብቻ ነው፤ አባትህም ቢንጠራራ ከቅንድቡ አያልፍም። እህትህ «እማዬ፣ ለቀጭኔ ነው እንዴ የሰቀልሽው?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ዝቅ እናድርገው ቢሉኝ እንቢ አልኩ። አልተሳሳትኩማ! የለካሁት፣ ልትሄድ ስትል በበሩ መቃን ላይ ባሰመርኩት ቁመትህ ነው።

መንገድህን ያቅናልህ፣ ክፉ አይይህ። ስትመጣ ግን ፂምህን ሳትላጭ ና።

እናትህ