ከቸሃው መገንጠያ የተሰማው ክላክስ፦ የአቶ ሽፈራው ዘርጋ የሕይወት ታሪክ

የሰው የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ከትውልዱ ይጀመራል። የአቶ ሽፈራው ዘርጋ ግን ከድንጋይ ይጀምራል። እንዲህ ይሁን ያለችው ታናሽ እህታቸው ብርቱካን ናት። ቃሉም የእርሷ ነው፤ ፊደሉን ያስተካከለችላት የአቶ ሽፈራው ልጅ ሊዲያ ናት።

ቸሃ ውስጥ በእናታቸው በወይዘሮ ትርፌ ከርጋ መቃብር ላይ እብነ በረድ ቆሟል። «ልጆችዋ ሳህሌና ብርቱካን አሠሩላት» የሚል ተቀርጾበታል። ወይዘሮ ትርፌ ግን ሦስት ልጅ ነው የወለዱት። የመካከለኛው ስም የለም። ብርቱካን የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ያንን ድንጋይ ለማንበብ ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል። ድንጋዩ ከቆመበት ቀን ጀምሮ እናቷ መቃብር በሄደች ቁጥር አንብባዋለች። የጎደለው ስም ዛሬ የምንሸኛቸው የወንድሟ ስም ነው።

አቶ ሽፈራው ከአባታቸው ከአቶ ዘርጋ ምንዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርፌ ከርጋ በ1954 ዓ.ም. በቸሃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አካባቢ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1970 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሳህሌ ለንግድ አዲስ አበባ ገቡ። አቶ ሽፈራው ደግሞ «እኔ ከእማዬ አልርቅም» ብለው ወልቂጤ ወረዱና ጋራዥ ተቀጠሩ። ጎማ እየፈቱ፣ ዘይት እየቀየሩ ሥራውን ከሥሩ ለመዱት። በ1976 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው ጥቂት ዓመት የጭነት መኪና ከነዱ በኋላ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ አውቶቡስ ያዙ። መስመራቸው ከወልቂጤ በአረቅጥ አድርጎ ቡታጅራ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዚያ መስመር አልወጡም።

በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘውዴ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ መሥርተው ሊዲያንና ብሩክን አፈሩ። ሊዲያ ዛሬ መምህርት ናት፤ ብሩክ ወልቂጤ የብረታ ብረት ሥራ አለው። አባታቸው አንዳቸውንም ሹፌር ሁኑ ብለው አያውቁም። «እኔ ለሦስታችንም ነድቻለሁ» ይሏቸው ነበር።

አቶ ሽፈራውን የሚያውቃቸው ሁሉ ስለ አንድ ወንበር ያወራል። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችውን የመጀመሪያ ወንበር ከቡታጅራ ሲወጡ አያስይዙም ነበር። መንገድ ላይ ወደ አታት ሆስፒታል የሚሄድ በሽተኛ አይጠፋምና ለእርሱ ትቀመጣለች። ተራ አስከባሪው «ጋሼ፣ ባዶ ወንበር ይዘህ ልትወጣ?» ብሎ ሲጮህ «ባዶ አይደለም፣ ሰውየው ገና ከቤቱ አልወጣም» ይሉታል። ደግሞም ይገኛል። አንዱ ዳገት ላይ በወሳንሳ የተኛ ሰው ከነአስታማሚው ሲጠብቅ ይገኛል።

አነዳዳቸው የረጋ ነበር። አረቅጥ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ከእግረኛ እኩል ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ከኋላ «ሽፌ፣ ወርጄ በእግሬ ብሄድ እኮ እቀድምሃለሁ!» አለ። ዳር ይዘው ቆሙ፣ በሩን አስከፈቱና «ውረድ በል። ወልቂጤ ስትደርስ ሻይ አዝዘህ ጠብቀን» አሉት። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ጎረምሳው አልወረደም፤ ወልቂጤ ደርሰው ሻዩን የጋበዙት ግን እሳቸው ናቸው።

የወይዘሮ ትርፌ ቤት ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም። አቶ ሽፈራው በመገንጠያው ባለፉ ቁጥር ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋሉ፤ አጭር፣ አጭር። ደህና ነኝ፣ አለፍኩ ማለታቸው ነው። እናታቸው እንሰት እየፋቁም ቢሆን ቀና ብለው «ይቅናህ ልጄ፣ ይቅናህ» ይላሉ። ጎረቤት ቤት ተቀምጠውም ከሆነ ጨዋታውን አቋርጠው «ቆዩማ፣ ሽፌ ነው» ይላሉ። ክላክሱ የዘገየ ቀን ምሳቸውን አይቀምሱም። አገሩ ሁሉ ያንን ክላክስ ያውቀዋል። ጥፋቱም የመጣው አገሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ነው።

በየካቲት 1999 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ አቶ ሽፈራው ማልደው ወደ ቡታጅራ አለፉ። ክላክስ አደረጉ፤ እናታቸውም «ይቅናህ» አሉ። ብርቱካን አጠገባቸው ነበረች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ወይዘሮ ትርፌ ደረታቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሱም። በዚያን ጊዜ ሞባይል እንደ ዛሬ በየኪሱ አልነበረም። ለአቶ ሳህሌ አዲስ አበባ ተደወለላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ቡታጅራ መናኸሪያ ደውለው «የሽፈራው እናት አርፋለችና ቶሎ ላኩልን» ብለው ተናገሩ።

ቀብሩ ለዚያው ቀን ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡት አቶ ሳህሌ ተጠበቁ። እሳቸው እንደ ደረሱ ሬሳው ይነሳ ተባለ። ብርቱካን ሳጥኑ ላይ ተጠመጠመች። «ሽፌስ? የአዲስ አበባውን ጠብቃችሁ የቡታጅራውን አትጠብቁም?» ብላ ጮኸች። «ተነግሮታል። መኪናው በእጁ ነው፤ መምጣት ቢፈልግ እስካሁን ይደርስ ነበር» ብለው ዘመዶች ከሳጥኑ ላይ አነሷት።

አፈሩ እየተመለሰ ሳለ ከመገንጠያው ክላክስ ተሰማ። አጭር፣ አጭር። ቀጥሎ የአውቶቡሱ ድምፅ ወደ ወልቂጤ እየራቀ ሄደ። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። አካፋ የያዘውም አካፋውን አቆመ። አንድ አዛውንት «እናቱን ከመኪና ሳይወርድ ተሰናበታት» አሉ። ያቺ ቃል ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ደረሰች።

አቶ ሽፈራው ሊመሽ ሲል መጥተው አዲሱ አፈር ላይ ተደፉ። የደገፋቸው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ሐዘኑ እንዳበቃ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠየቋቸው።

«ስልክ ተደውሏል ወይስ አልተደወለም?»

«ተደውሏል።»

«ታዲያ ለምን አለፍክ?»

«ሰው ጭኜ ነበር።»

አቶ ሳህሌ «ለተሳፋሪ ያዘንከውን ያህል ለእናትህ ብታዝን ምን ነበረበት!» ብለው ተነስተው ወጡ። በዓመቱ ድንጋዩ ቆመ፤ ስማቸውም ቀረ። ሊዲያ ስትዳር አጎቷ አልመጡም። ብርቱካን ስለ ወንድሟ በየሄደችበት ተከራከረች። «እኔ ሽፌን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ» ስትል «ምን አለ?» ይሏታል።

አቶ ሽፈራው ከዚያ ሐሙስ ወዲህ በመገንጠያው ሲያልፉ ክላክስ ነክተው አያውቁም።

በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2017 ዓ.ም. ጉበታቸውን ታመው አታት ሆስፒታል መመላለስ ጀመሩ። የሚሄዱትም በአውቶቡስ ነበር። ወጣቱ ሹፌር ያቺን ከጀርባው ያለችውን ወንበር ለእሳቸው ይዞ ይጠብቃቸዋል። መጀመሪያ ቀን ሲቀመጡባት «እኔን ነበር ለካ ስትጠብቅ የኖረችው» ብለው ቀለዱ። ወይዘሮ ዘውዴ አብረው መሳቅ አልቻሉም።

ሕመሙ ሲጠና የልብ ጓደኛቸው፣ ቡታጅራ ተቀምጠው በዚያው መስመር ሲነዱ የኖሩት አቶ ሰይዶ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ከድጄ ጋር ሊጠይቋቸው መጡ። ሲወጡ አቶ ሰይዶ ብርቱካንን ወደ ደጅ ጠሯት። «እህቴ፣ ወላሂ ይህን ይዤ መሞት አልችልም» አሉና ነገሯት።

የዚያን ሐሙስ ስልኩን ያነሱት አቶ ሰይዶ ናቸው። በሹፌር ዘንድ መሪ ለያዘ ሰው መርዶ አይነገርም። ተሳፋሪው ወርዶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰው ከግራ ከቀኝ ይዞት ነው የሚረዳው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ከአቶ ሽፈራው ጀርባ ወደ አታት የምትወሰድ ምጥ የያዛት ሴት ተቀምጣ ነበር። አቶ ሰይዶ «ዛሬ እኔ ልንዳልህ» አሏቸው። አቶ ሽፈራው ሳቁ፤ «ምነው፣ አሞታል አሉህ? መኪናዬን ለዘውዴም አልሰጥ!» አሉ። አጥብቀው ቢለምኑ ነገሩ ይታወቃል። ስለዚህ «ወልቂጤ ጉዳይ አለኝ» ብለው ጋቢና ገቡና የአረቅጥን ዳገት ሁሉ ቀልድ እያወሩ አብረው ተጓዙ። መገንጠያው ጋ ሲደርሱ የአቶ ሽፈራው እጅ እንደ ልማዱ ወደ ክላክሱ ሄደ።

አቶ ሰይዶ እዚህ ላይ ሲደርሱ እንዲህ አሏት፦ «እጁን ልይዘው ነበር። ምን ብዬ ልያዘው? ሁለቴ አደረገ። ከዚያ ‹ዛሬ እማዬ ላይ ዘገየሁባት፣ ምሳዋን አልበላች ይሆናል› አለኝ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።»

ምጥ የያዛት ሴት አታት ወረደች። ሌላው ሰው ወልቂጤ ወረደ። መርዶው የተነገራቸው የመጨረሻው ተሳፋሪ ከአውቶቡሱ ከወረደ በኋላ ነው። አቶ ሰይዶ «ሄጄ ለቤተሰብህ ልናገር» ቢሉ አቶ ሽፈራው አስማሏቸው። «ሳህሌ ከሰማ እስከ ዕድሜህ ማብቂያ አይተውህም። አንተ ያደረግከው ልክ ነው። ባንተ ቦታ እኔም ብሆን አልነግርህም ነበር። እኔን ቢቀየሙኝ ወንድማቸው ነኝ፤ አንተን ግን ምን ያደርጉሃል?»

ብርቱካን ወደ አልጋው ተመለሰች። «ለምን ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም?» አለች። አቶ ሽፈራው «ያንቺ አፍ መቼ ይያዛል?» አሉና ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ። «እኔ ካለፍኩ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ። ሰይዶን ግን አደራ፣ ማንም ክፉ እንዳይናገርብኝ።»

«ድንጋዩስ?» አለቻቸው።

«ድንጋይ ነው፣ ተይው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አቶ ሽፈራው ዘርጋ በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተዋል።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አቶ ሰይዶ በስልክ ሰምተውታል። «ስሜ ይግባ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ልስማው» ብለዋል። ለአቶ ሳህሌም ተነብቦላቸዋል። መጀመሪያ «የቤት ገመና ቀብር ላይ ይነበባል?» ብለው ተቆጡ። ብርቱካን «ጋሼ፣ የተፈረደበት በሕዝብ ፊት ነው፤ ነጻ የሚወጣውም በሕዝብ ፊት ነው። አንተን ለማሳፈር አይደለም። አንተም አላወቅክም፣ እኔም አላወቅኩም» አለቻቸው። አቶ ሳህሌ ኋላ ላይ «ነገ ሰይዶ የሚነዳውን የቡታጅራ አውቶቡስ መገንጠያው ላይ ማን ይቀበለዋል?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልታሰበም ነበር። «እንግዲያው እኔ ቆሜ እቀበለዋለሁ» አሉ።

ትናንት ረቡዕ ብርቱካን ማንንም ሳታስፈቅድ ከወልቂጤ ድንጋይ ጠራቢ ይዛ እናቷ መቃብር ወጣች። ጠራቢው እብነ በረዱን ዳብሶ «እትዬ፣ ቦታ የለውም። በሁለቱ ስም መካከል ሌላ ስም አይገባም» አላት።

«ከሁለቱ አንዱን አጥፋዋ» አለችው።

«የማንን?»

«የብርቱካንን። እሷ በሕይወት አለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች የሚጠይቅ ካለ መጥቶ ይጠይቃት።»

ጠራቢው ፍቆ ጻፈ። ዛሬ ድንጋዩ «ልጆችዋ ሳህሌና ሽፈራው አሠሩላት» ይላል። የአቶ ሽፈራው ጉድጓድም ከዚያው ድንጋይ አጠገብ፣ ከእናታቸው ጎን ተቆፍሯል።

ለቀስተኞች ሆይ፣ ይህ ሲነበብላችሁ ሬሳው ገና አልተነሳም። የሚነሳው ከቡታጅራ የሚመጣው አውቶቡስ ሲደርስ ነው፤ መሪውን የያዙት አቶ ሰይዶ ናቸው። መገንጠያው ላይ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋሉ። የደከመው ይቀመጥ፤ የቸኮለ ካለ መሄድ ይችላል፤ ብርቱካን ግን ከሳጥኑ ላይ እጇን አታነሳም። ክላክሱን ስትሰሙ ብድግ በሉና ለአቶ ሽፈራው እናታቸው ይሉት የነበረውን በሉላቸው፤ ይቅናህ።

መንገደኛን ሁሉ በየደጁ ያደረሱትን ሰው ጌታ በራሱ ደጅ ቆሞ ይቀበላቸው። አሜን።